አዲስ ቤት በባዶ አፍ አልገባም ያለችው ዳንኪራ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ብላችሁ እንዳትመልሱ፤ እዚህ ላምም የለች፣ በረትም የለ። ያለው የወፍ ቤት ነው። ችግሩ ደግሞ ወፏ አልገባም ማለቷ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ዛፍ በበዛበት አንድ ሰፈር፣ ብርዛፍ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ወንድሟ ከፍያለው መርከብ ላይ ይሠራል። አንድ ጊዜ ከባሕር ማዶ ሲመለስ ቱካን የምትባል ወፍ ይዞላት መጣ። ላባዋ ጥቁር፣ ደረቷ ቢጫ ነው፤ ምንቃሯ ግን ለጉድ የተፈጠረ ነው። ርዝመቱ የሙዝ ያህል ነው፤ ወፏ ዞር ስትል ምንቃሩ ቀድሞ ይዞራል። ከፍያለው ወደ መርከቡ ሲመለስ፣ «እንግዲህ አደራሽን፤ ፍራፍሬ እየቆረጥሽ ስጫት፣ ሎሚና ብርቱካን ግን እንዳታስቀምሻት። መታጠቢያ ውሃ አታሳጫት። ቤቷ ሰፊ ይሁን፤ ይቺ ከመብረር ይልቅ መዝለል የሚቀናት ናት» ብሏት ሄደ። እውነቱን ነው፤ ወፏ አንድ ቦታ መቀመጥ የሚባል ነገር አታውቅም። ብርዛፍም ስሟን ዳንኪራ አለቻት።

ብርዛፍ ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። ዳንኪራ ከመጣች ወዲህ ግን ቤቷ ድምፅ አገኘ። የስፌት መኪናው ሲንቀሳቀስ ዳንኪራም እንደ እንቁራሪት «ቋ! ቋ! ቋ!» እያለች ትዘላለች። ብርዛፍ ወፏን ወደደቻት፤ በጣም ወደደቻት። ስለዚህ ከግቢዋ ጥግ ከእንጨትና ከሽቦ ሰፊ ቤት አሠራችላት። ግማሹ ሸራ የለበሰ፣ መቆሚያዎቹ ወፍራምና ቀጭን ቅርንጫፍ፣ ወለሉ በአንድ ባልዲ የሚታጠብ፣ የሚያምር ቤት ነበር።

ቤቱ ባለቀበት ቀን ታዲያ ብርዛፍን አንድ ፍርሃት ያዛት። የሰው ዓይን ፈራች። «እንዲህ ያማረ ቤት ገና ሳይገባበት ሰው ካየውማ አይበረክትም» አለችና፣ ሁልጊዜ ወለል ብሎ የሚውለውን የግቢ በር ቀረቀረች። ከዚያ ዳንኪራን ልታዛውር እስከዚያ ታድርበት የነበረውን አሮጌ ቅርጫት ብትከፍት፣ ወፊቱ ዘለል ብላ ከእጇ አመለጠች፤ ደግሞ ዘለል ብላ ግቢው ውስጥ ያለው ኒም ዛፍ ላይ ወጣች።

«ዳንኪራ፣ ነይ ወደ ቤትሽ ግቢ!»

«አልገባም!» አለች ዳንኪራ። «አዲስ ቤት በባዶ አፍ ይገባል እንዴ? እናንተ አዲስ ቤት ስትገቡ ዳቦ ይዛችሁ አይደል? እኔ ከማን አንሼ ነው? ፓፓያ ካልያዝኩ አልገባም!»

ይሄኔ ከሰማዩ ጥግ አንድ ጥቁር ነጥብ ብቅ አለ። ብርዛፍ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ አየችው። ጭልፊት ነው። ዳንኪራ ክንፏ አጭር ነው፤ ጭልፊት ከመጣባት የምታመልጥበት የላትም። ዳንኪራ ቤቷ አልገባ አለች፤ ጭልፊቱ ደግሞ አልሄድ አለ!

ፓፓያ ፍለጋ ተነሣች። በዚያ ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ፣ ድሬ በሙሉ በሩን ዘግቶ የሚያንቀላፋበት ጊዜ ነው፤ ክፍት ሱቅ አይገኝም። ቢሆንም ከቤቷ ጀርባ ከጣሪያ በላይ የረዘመ የፓፓያ ዛፍ ነበራት። ድንጋይ ብትወረውር ፍሬውን ሳተችና የራሷን ቆርቆሮ አንኳኳች።

«አያ ፓፓያ፣ አንዲት ፍሬ ጣልልኝ» አለች። «ዳንኪራ ቤቷ አልገባ አለች፤ ጭልፊቱ ደግሞ አልሄድ አለ።»

«ቅጠሌን አታዪውም?» አለ ፓፓያው። «ቧንቧሽ ከደረቀ ወዲህ ማን አጠጣኝ? ለስፌት መኪናሽ ዘይት ታጠጫለሽ፣ ለኔ ጠብታ ውሃ የለም። ውሃ ካልጠጣሁ ፍሬ አልሰጥም!»

እውነቱን ስለሆነ ብርዛፍ አልተከራከረችም። ከግቢዋ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ቀረቀረች። መንገድ ዳር ጀሪካን የተጫነ የውሃ ሻጭ አህያ ቆሟል። ባለቤቱ ጥላ ሥር ተጋድሞ ያንኮራፋል። ብርዛፍ ስትቀሰቅሰው አንድ ዓይኑን ብቻ ከፈተ። «ከዚህ ቦታ ካስነሣሽው ውሃው ያንቺ ይሁን፤ እኔ ለምኜው ደክሞኛል» አለና መልሶ ዓይኑን ጨፈነ።

«አያ አህያ፣ ውሃውን እስከ ቤቴ አድርስልኝ» አለች። «ፓፓያው ፍሬ አልሰጥ አለ፤ ዳንኪራ ቤቷ አልገባ አለች፤ ጭልፊቱ ደግሞ አልሄድ አለ።»

«ሁሉም አልገባም አልሰጥም ሲል ውሏል፤ መሸከም ላይ ሲደርስ ግን የሚጠራው አህያ ነው!» አለ አህያው። «እኔም ዛሬ እምቢ ማለት አማረኝ። ለምለም ሣር ካልበላሁ ውሃ አልሸከምም!»

ብርዛፍ ሽቅብ አየች። ነጥቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቷል፤ አሁን ክንፉ ይለያል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ እየሮጠች ተመለሰች። በሩን ከፈተች፣ ገባች፣ ቀረቀረች። ሣሩ ከአጥሯ ሥር አለ፤ በእጇ ልትነጭ ብትሞክር ግን መዳፏን ሸረካከታት። ከግድግዳው ላይ ማጭዷን አወረደች።

«አያ ማጭድ፣ ሣር እጨድልኝ» አለች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «አህያው ውሃ አልሸከም አለ፤ ፓፓያው ፍሬ አልሰጥ አለ፤ ዳንኪራ ቤቷ አልገባ አለች፤ ጭልፊቱ ደግሞ አልሄድ አለ።»

ማጭዱ ዝገቱን አራገፈ። «በየትኛው ጥርሴ?» አለ። «ከዓምና ጀምሮ ሚስማር ላይ ሰቅለሽኝ፣ ዛሬ ሲቸግርሽ አያ ማጭድ! ጎረቤትሽ ዩያ ካልሞረደኝ ሣር አላጭድም!»

ዳንኪራ ይህን ሁሉ ከላይ እያየች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ትዘላለች። «ቋ! ፓፓያው ደረሰ?» ትላለች።

«አንቺ ልጅ፣ እባክሽ ቅጠል ውስጥ ተደበቂ!» ብላ ጮኸችባት ብርዛፍ። ዳንኪራና መደበቅ ግን ተዋውቀው አያውቁም።

ዩያ ቢላና መጥረቢያ የሚሞርድ የሰፈሩ ሰው ነው። ሱቁ ከብርዛፍ አጥር ቀጥሎ ነው። ብርዛፍ ማጭዷን አንጠልጥላ ስትደርስ፣ ዩያ የምታለቅስ ልጁን ናዝራን አቅፎ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። የሞረዱ ድንጋይ ቆሟል።

«ዩያ ወንድሜ፣ ይቺን ማጭድ ሞርድልኝ» አለች። «ማጭዱ ሣር አላጭድ አለ፤ አህያው ውሃ አልሸከም አለ፤ ፓፓያው ፍሬ አልሰጥ አለ፤ ዳንኪራ ቤቷ አልገባ አለች፤ ጭልፊቱ ደግሞ አልሄድ አለ።»

«አቦ እትዬ ብርዛፍ፣ በየትኛው እጄ?» አለ ዩያ። «እናቷ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች። ይቺ ደግሞ ላስቀምጣት ስል ሰፈሩን በጩኸት ታናጋዋለች። አንዴ ከተኛች ከበሮ ቢመታ አትሰማም። ግን ካልተኛች ድንጋዩን አላዞርም፤ ልጅ ታቅፎ ሞረድ አይሆንም።»

«በል እኔ ልያዝልህ» ብላ ብርዛፍ ተቀበለችው። ናዝራ የብርዛፍን ፊት አየች፤ በአንድ ጊዜ ሁለት እጥፍ ጮኸች። ብርዛፍ «እሹሩሩ» አለች፣ ወዘወዘቻት፣ በጀርባዋ አዘለቻት፣ መልሳ አወረደቻት። ምንም ጠብ የሚል ነገር የለም። የጭልፊቱ ጥላ በመንገዱ ላይ ሽው ብሎ ሲያልፍ ብርዛፍም ከናዝራ ጋር ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«እናቴ፣ ናዝራዬ፣ ተኚልኝ!» አለቻት። «ዩያ ድንጋዩን አላዞር አለ፤ ማጭዱ ሣር አላጭድ አለ፤ አህያው ውሃ አልሸከም አለ፤ ፓፓያው ፍሬ አልሰጥ አለ፤ ዳንኪራ ቤቷ አልገባ አለች፤ ጭልፊቱ ደግሞ አልሄድ አለ!»

ናዝራ ገና አፏን አልፈታችም። መልሷ ለቅሶ ብቻ ነበር።

«ሌላ ቀን እንዴት አድርገህ ነው የምታስተኛት?» አለች ብርዛፍ ተስፋ ቆርጣ።

ዩያ መናገሩ የከበደው ይመስላል። «ሌላ ቀንማ አንቺ በር ላይ ነው የማስተኛት» አለ። «ከቀትር በኋላ አቅፌያት ደጃፍሽ እቆማለሁ። ወፍሽ ስትዘል ታያለች፣ ቋቋታዋን ትሰማለች፣ ከዚያ ጭልጥ ትላለች። አንቺ ለሥራሽ አጎንብሰሽ ስለምትውይ አታዪንም። ዛሬ ስመጣ በርሽ ተቀርቅሯል። እትዬ ብርዛፍን ምን አስቀይሜያት ይሆን ብዬ ተመለስኩ።»

ብርዛፍ አፈረች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። በሯን የዘጋችው ዓይን ፈርታ ነበር። የፈራችው ዓይን ለካ የናዝራ ዓይን ኖሯል። አሁን ሰበብ የምትደረድርበት ጊዜ ግን አልነበረም።

«ተከተለኝ!» አለችና ናዝራን እንዳቀፈች ሮጠች። በሩን ግራና ቀኝ ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ መቀርቀሪያውንም ነቅላ ወረወረችው። ናዝራን ወደ ኒም ዛፉ ከፍ አድርጋ አሳየቻት።

«ቋ!» አለች ዳንኪራ ከላይ። ናዝራ ለቅሶዋን ዋጠች። «ቋ! ቋ!» ዳንኪራ ወደዚህ ዘለለች፣ ወደዚያ ዘለለች፣ ምንቃሯን ወደ ሰማይ አነሣች። ናዝራ በእንባዋ መሃል ሳቀች። ብርዛፍ ቅድም «ተደበቂ» ብላ የጮኸችባትን ወፍ፣ አሁን «ዝለይ የኔ እናት፣ ዝለይ! አደራ እንዳታርፊ!» አለቻት። ጭልፊቱ ስልክ እንጨት ላይ አረፈና አንገቱን አሰገገ። ዳንኪራ ዘለለች። የናዝራ ዓይን ከበደ። ዳንኪራ ዘለለች። የናዝራ ራስ ብርዛፍ ትከሻ ላይ ዘፍ አለ።

ናዝራ ተኛች። ናዝራ ብትተኛ ዩያ ድንጋዩን አዞረ። ዩያ ቢያዞር ማጭዱ ተሳለ። ማጭዱ ቢሳል ሣሩ ታጨደ። ሣሩ ቢታጨድ አህያው በላ፤ በልቶም ባለቤቱን ሳይጠብቅ ውሃውን ተሸክሞ መጣ። ውሃው ቢመጣ ፓፓያው ጠጣ። ፓፓያው ቢጠጣ ትልቁን ፍሬ ዱብ አደረገው፤ ፍሬው ወድቆ ለሁለት ተሰነጠቀ።

ብርዛፍ ቁራጩን አንሥታ ወደ ዛፉ ዘረጋች። ዳንኪራ በምንቃሯ ጫፍ ላፍ አደረገችው። ያን ጊዜ ጭልፊቱ ተወረወረ። ዳንኪራ ከቅርንጫፍ ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ አዲሱ ቤቷ ደፍ፣ ከደፉ ወደ ውስጥ ዘለለች፤ ብርዛፍም የሽቦውን በር ድርግም አደረገችው። ጭልፊቱ ሸራው ላይ ተላተመና ሁለት ላባ ጥሎ፣ ወደ ኋላውም ሳያይ ሄደ።

ብርዛፍ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ዙሪያዋን ስታይ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ዩያ የተኛች ልጁን ታቅፎ ቆሟል። የውሃ ሻጩ አህያውን ተከትሎ ዓይኑን እያሸ ገብቷል። ጩኸት የሰሙ ጎረቤቶችም ከእንቅልፋቸው ተነሥተው በተከፈተው በር ጎርፈዋል።

«ማሻአላህ፣ ያምራል!» አለ ዩያ ቤቱን ዞሮ እያየ። «የሰላም ቤት ይሁንላችሁ፤ ክፉ አይግባበት።»

«አሜን!» አለ ሰው ሁሉ። ብርዛፍም አሜን አለች።

ዳንኪራ ፓፓያውን ገና አልዋጠችም። ከወፍራሙ መቆሚያ ወደ ቀጭኑ ዘለለች፤ ከዚያ ወደ ሽቦው ተጠጋችና ያንን ረጅም ምንቃሯን በቀዳዳው አውጥታ፣ ቁራጩን ወደ ብርዛፍ ፊት ዘረጋች። ብርዛፍ አልገባትም።

«ምን አጥታ ነው? አትወደውም ይሆን?» አለች ደንግጣ።

«አቦ እትዬ ብርዛፍ!» አለ ዩያ እየሳቀ። «እያጎረሰችሽ እኮ ነው! እሷ ባለቤት፣ አንቺ እንግዳ። አፍሽን ክፈቺ እንጂ፣ ጉርሻ ይመለሳል?»

ከጠዋት ጀምሮ እህል የሚባል እንዳልቀመሰች ብርዛፍ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት። የጠየቃትም አልነበረም። እንባዋ መጣ፤ ልትጠርገውም አልሞከረች። ጎረቤቱ ሁሉ እያያት አፏን ከፈተች፣ ጎረሰችም።

ተረቴን እነሆ ተረከቡኝ። በማውራት አፌ ደርቋልና፣ በሉ እኔንም አንዴ አጉርሱኝ።