ድኛለሁ ያለችው ሴት

ወገቧን የሚያማት አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ስድስት ዓመት ሙሉ አሟታል። ከስፌት መኪናዋ የምትነሣው ግድግዳ ይዛ ነው።

አንድ እሑድ በጉባኤያችን ተጸለየላት፤ ሕመሙም ለቀቃት። ምን ታድርግ? መድረክ ላይ ወጣች፣ ማይክ ተቀበለች፣ ጎንበስ ቀና ብላ አሳየች፣ ኪኒኗን በሕዝቡ ፊት ጣለች። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። እኛም አጨበጨብን።

በዘጠነኛው ቀን ሕመሙ ተመለሰ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ለማን ትናገር? "ድኛለሁ" ያለችው በገዛ አፏ ነው። ተመልሶብኛል ብትል እምነት ጎደላት እንዳይሏት ፈራች፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ የእግዚአብሔርን ስም አሰድባለሁ ብላ ፈራች። ፕሮግራም ሲያልቅ እህቶች አግዳሚ ወንበር እናንሣ ሲሏት ታነሣለች። የዳነ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? ቤቷ ገብታ፣ በሯን ዘግታ ታለቅሳለች።

የቀራት ስልኳ ነው። "የወገብ ሕመም መፍትሔ" ብላ ጻፈች። አንዱ ዝንጅብል በማር ይላታል፤ ሌላው ነጭ ጋዋን ለብሶ በሦስት ቀን ትድኛለሽ ይላታል። ሁሉም ሰብስክራይብ አድርጊ አሏት እንጂ አንዱም እንዴት ዋልሽ አላላትም። በመጨረሻ እንደ እርሷ ወገባቸውን የሚያማቸው ሰዎች የሚጻጻፉበት የቴሌግራም ግሩፕ አገኘች። ስሟን ቀይራ ገባች። አስቡት፤ እውነቱን ለመናገር ስም መቀየር አስፈለጋት።

እዚያ ሉባባ የምትባል የደሴ ሴት ታጽናናት ጀመር። እንዴት ብትተኛ እንደሚሻላት ነገረቻት፤ ያቋረጠችውን ሕክምና እንድትቀጥል መከረቻት። አንድ ቀን፣ "እህቴ፣ በቅርብሽ ሰው የለሽም?" ብላ ጻፈችላት።

"ሞልተዋል። እነሱ ዘንድ ግን ድኛለሁ" ብላ መለሰችላት።

ሉባባ፣ ለአንድ ሰው እንኳ ደውለሽ ንገሪ አለቻት። ሴትዮዋም ለጸሎት ቡድኗ መሪ ለእህት አመለወርቅ ደወለች። እህት አመለወርቅ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ትወዳታለች።

"እንዴት ነሽ የኔ እህት? ወገብሽስ?" አለቻት።

ሴትዮዋ ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያም፣ "ጌታ ይመስገን" አለች።

"አሜን፣ ክብሩ ይስፋ" አለች እህት አመለወርቅ፤ ስልኩም ተዘጋ። በማግስቱ ሴትዮዋ ብቻዋን ሐኪም ቤት ሄደች። አስታማሚሽ ማን ነው ብለው ሲጠይቋት በዓይኗ አይታት የማታውቃትን የደሴዋን ሴት ስም አስመዘገበች።

ወገኖቼ፣ ምስጋናዋ ውሸት ነበር አልልም። እግዚአብሔር በሕመም ውስጥም ይመሰገናል። የማፍረው በእኛ ነው። ሩቅ ያለች ሴት ጠይቃ የሰማችውን፣ አብረናት የምንዘምረው ሳንሰማ ቀረን። ለምን? መልሱን ስለወደድነው። ምስክርነት ሲሰጥ እናጨበጭባለን፤ ከሳምንት በኋላ ማን ይጠይቃል? ማናችን ነን "ባይሻልሽም የእኛ ነሽ" ያልናት?

ዛሬ ስትወጡ አንድን ሰው እጁን ይዛችሁ እንዴት ነህ በሉት። "ጌታ ይመስገን" ሲላችሁ፣ አሜን ብላችሁ እጁን አትልቀቁ። ትንሽ ቆዩ። ደግማችሁ ጠይቁት።