ዳንቴል የለበሰው አምፕሊፋየር

አንድ አባቱን አጥብቆ የሚወድ ሰው ነበር፤ ልሳነወርቅ ይባላል። አባቱ አቶ ጓንጉል ወልዲያ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። በረንዳ ላይ ማሽናቸውን ዘርግተው መርገጫውን ሲረግጡ፣ ከኋላቸው ከሱቁ ውስጥ አንድ ትልቅ ስቲሪዮ አምፕሊፋየር ሸክላ ያጫውት ነበር። ሙዚቃ ከሌለ ስፌቱ ይጣመምብኛል ይሉ ነበር። የሠፈሩ ሰው ደግሞ ጓንጉል ዘንድ ሱሪ የሚያሳጥረው ዘፈን መስማት ሲያምረው ነው እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ሚስታቸው ካረፉ በኋላ አቶ ጓንጉልን የሳንባ ምች ጣላቸው። ልሳነወርቅ ከአዲስ አበባ ገስግሶ ሄደና ሱቁን ዘግቶ፣ ማሽኑን ለጎረቤት ሰጥቶ፣ አባቱን ከነሸክላቸው፣ ከነማጫወቻቸውና ከነስፒከራቸው ይዞ ተመለሰ። አምፕሊፋየሩማ ቀደም ብሎ ተበላሽቶ ቁራሌው ወስዶታል። ሐኪሙ ሳንባቸውን አከመና "አሁን ድነዋል። እንዳይደክሙ ግን ተንከባከቧቸው" ብሎ ሸኛቸው። ልሳነወርቅና ሚስቱ ትርንጎ ይህችን ምክር እንደ መሐላ ያዟት።

ከዚያ ወዲያ አቶ ጓንጉል ከወንበራቸው የሚነሱት ለመኝታ ብቻ ሆነ። ውሃ ሲጠማቸው ብርጭቆው አፋቸው ድረስ ይመጣል። ጫማቸውን ለማሰር ጎንበስ ካሉ አንዱ ቀድሟቸው ይንበረከካል። ቁልፉ የተበጠሰ ሸሚዝ አይተው ቢያነሱ ትርንጎ ከእጃቸው ላይ ትወስድና "ኧረ አባባ፣ እርስዎ ምን በወጣዎት። ይረፉ እንጂ" ትላለች። ጎረቤቱ ሁሉ "እንዲህ ያለ ልጅና ምራት ይስጠን" አለ። አቶ ጓንጉል ግን በዚህ ሁሉ ክብር መካከል እየከሱ ሄዱ። መጀመሪያ ቀልዳቸው ቀረ፣ ከዚያ ወሬያቸው፣ ከዚያ ደግሞ የምግብ ፍላጎታቸው። ሐኪሙ እንደገና መረመራቸውና ምንም በሽታ የለባቸውም አለ። ልሳነወርቅ የባሰ ፈራ። አባቱ በሽታ ሳይኖርባቸው እየሞቱበት ነበር።

"የቀረባቸው ሙዚቃው ነው" አላት ለሚስቱ። "እንደ ድሮው ያለ አምፕሊፋየር ፈልጌ አመጣላቸዋለሁ።"

"ስልክህ ላይ ያልተጫነ ዘፈን አለ እንዴ?" አለችው።

እውነቷን ነው ብሎ ሞከረ። ስልኩን ጆሯቸው አጠገብ ቢያደርግላቸው አቶ ጓንጉል ዝንብ እንደሚያባርር ሰው በእጃቸው ገፉት። ስለዚህ ልሳነወርቅ ሥራ በማይገባበት ቀን ሁሉ ምናለሽ ተራ እየሄደ በአሮጌ ዕቃ ክምር መካከል መዞር ጀመረ። ሲቆይ፣ ከተሰበሩ ቬንቲሌተሮችና ከዛጉ ካውያዎች ሥር፣ ፊቱ ብርማ ጎኑ እንጨት የሆነ አንድ አምፕሊፋየር አገኘ። የኤሌክትሪክ ገመዱ ተቆርጧል፣ የድምፅ መጨመሪያ ቁልፉ ተነቅሏል።

"ይሠራል?" ብሎ ሻጩን ጠየቀው።

"ወንድሜ፣ ቢሠራ እዚህ ምን ያደርጋል?" አለው ሻጩ።

ይህን የመሰለ ሐቀኛ ነጋዴ ማግኘትም አንድ ዕድል ነው። ልሳነወርቅ ዕቃውን ታቅፎ ኸይሩ ወደሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደው። ኸይሩ ክዳኑን ቢከፍት ውስጡ ብትን አፈር የተደፋበት ይመስላል። በብሩሽ ጠረገው፣ ያበጡትን ካፓሲተሮች ነቅሎ በአዲስ ተካቸው፣ የተቆረጠውን ገመድና የተነቀለውን ቁልፍ ቀየረ፣ ሲዞር የሚንጫጫውን ሌላ ቁልፍ አጠበው። አንድ የጎደለ ትራንዚስተር ግን ከየት ይምጣ? ልሳነወርቅ ሱቅ ለሱቅ ዞረ፤ የለም ያሉትን ሰዎች ደግሞ ሌላ ቀን ተመልሶ ጠየቃቸው። በመጨረሻ ከሌላ የሞተ ዕቃ ሆድ ውስጥ ተገኘ። ኸይሩ በይዶ ሲጨርስ ሞከረው፣ ዘፈነ። ሲያስረክበውም "ይሄን ዕቃ አቧራ ነው የገደለው። ከአቧራ ጠብቁት" አለው።

የመጀመሪያው ሸክላ ቤት ውስጥ ሲዞር አቶ ጓንጉል አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ጥቂት ቆይቶ ቀኝ እግራቸው ወለሉን መርገጥ ጀመረ፤ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ፣ ልክ መርገጫው ከሥሩ እንዳለ። ልሳነወርቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

ትርንጎም ደስ አላት። ደስ ያላት ሴት ደግሞ በአገራችን እጇ ሥራ አይፈታም። በእኛ ቤት ቴሌቪዥንም ሬዲዮም ራቁቱን አይቀመጥም፤ ከአቧራ ጠብቁት የተባለ ዕቃማ እንዴት ተደርጎ ነው። ኪሮሿን አንስታ ከላይ እስከ ግራና ቀኝ ጎኑ የሚወርድ ነጭ ዳንቴል ሠራችለት። ፊቱ ብቻ ገለጥ ይላል፣ ቁልፎቹን ለመንካት። አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀመጠችበት። ሰው በገባ በወጣ ቁጥር "እንዴት ያምራል" ይላል።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አቶ ጓንጉል በእግራቸው ወለሉን እየረገጡ ሳሉ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተና ዘፈኑ ተቋረጠ። የሽማግሌው እግር አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

ልሳነወርቅ ዕቃውን ከዳንቴሉ አውጥቶ ወደ ኸይሩ ወሰደው። ትራንዚስተሩ ተቃጥሏል። ሌላ ተፈለገ፣ ተገኘ፣ ተበየደ። ትርንጎ አቧራው በዳንቴሉ ቀዳዳ ገብቶ ይሆናል ብላ ከሥሩ የቀይ ከፋይ ገበር አደረገችበት። አሁንማ የንጉሥ ፈረስ መሰለ። በዚህኛው ልብስ ከበፊቱም ፈጥኖ ተቃጠለ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ይሏል ይሄ ነው፤ ለጊዜው ግን ማንም አልገባውም።

አቶ ጓንጉል ዘፈኑ ሲመለስ ቀና እያሉ፣ ሲቋረጥ ከበፊቱ ዝቅ እያሉ ሄዱ። አንድ ቀን ሊጠይቃቸው የመጣ ጎረቤት የተቃጠለውን አምፕሊፋየር አየና እዚያው ፊታቸው ላይ "ልሳኔ፣ ተወው እባክህ። ያረጀ ነገር አንዴ አርጅቷል፣ ቢጠግኑት ምን ይሆናል" አለ። አቶ ጓንጉል ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ። ልሳነወርቅ የአባቱን ዓይን አየ።

"እጠግነዋለሁ" አለ ቆጣ ብሎ። "አሥር ጊዜ ቢቃጠል፣ አሥራ አንደኛ ጊዜ እጠግነዋለሁ።"

በማግስቱ ዕቃውን ተሸክሞ ሄደ። ኸይሩ ጠገነውና ሱቁ ውስጥ ክዳኑን ዘግቶ ከጠዋት ጀምሮ እስኪመሽ አስጮኸው። ምንም አልሆነም። በሌላውም ቀን እንዲሁ አዋለው። ምንም።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አለ ኸይሩ። "እኔ ዘንድ የማይቃጠል ዕቃ እናንተ ዘንድ ለምን ይቃጠላል? ቤት ስትወስዱት ምን ታደርጉታላችሁ?"

"ምን እናደርገዋለን? እናከብረዋለን እንጂ።"

"እንዴት አድርጋችሁ?"

ኸይሩም ሱቁን ቆልፎ "ና፣ አከባበራችሁን አሳየኝ" አለውና አብረው ሄዱ።

ቤት ሲደርሱ አቶ ጓንጉል እንደ ልማዳቸው ወንበራቸው ላይ ናቸው። አምፕሊፋየሩ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ትርንጎ ወዲያው ዳንቴሉን አለበሰችው፣ አበባውንም መለሰች። ኸይሩ ዕቃውን ከፍቶ ሸክላ አስጀመረና ሻይ ጠጣ። ከዚያ ልሳነወርቅን "እስቲ እጅህን ከልብሱ ሥር አስገባ" አለው። ልሳነወርቅ እጁን ሰደደና ምጣድ እንደነካ ሰው መልሶ አወጣው።

ኸይሩ ዕቃውን አጠፋው። "አናቱ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ዘግታችሁበታል" አለ።

ትርንጎ ከፋት። "እኔ እኮ አክብሬው ነው ያለበስኩት።"

"አውቃለሁ፣ እህቴ። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ከአቧራ ጠብቁት ስል፣ ይተንፍስ ማለት ረሳሁ። ይሄ ዕቃ ሲሠራ ይሞቃል። መሞቁ ሕመም አይደለም፣ እየሠራ ስለሆነ ነው። ሙቀቱን የሚያወጣበት ሲያጣ ግን እዚያው ውስጡ ይቃጠላል።"

ትርንጎ አበባውን አነሳችና በንዴት ዳንቴሉን ሳብ አደረገችው። አንዱ ቁልፍ ጫፉን ይዞት ነበርና ተር አለ፤ የከፋዩ ገበር ከዳንቴሉ ተላቆ ተንጠለጠለ። ስንት ምሽት የደከመችበት ሥራ ነው። እንባዋ መጣ።

"ወዲህ አምጪው" የሚል ድምፅ ከወንበሩ ተሰማ።

አቶ ጓንጉል ናቸው። ድምፃቸው ሳይከፈት የኖረ በር ይመስላል። ልብሱን ተቀብለው ገለበጡት፣ ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ገበሩ ድሮም በወግ አልተያዘም" አሉ። "ካየሁት ቀን ጀምሮ ዓይኔን ሲያመኝ ነው የከረመው። ክርና መርፌ ስጡኝ።"

"ኧረ አባባ፣ እርስዎ ምን በወጣ..." አለ ልሳነወርቅ፣ ከአፉ እንደለመደው። ግን አልጨረሰውም። ዓይኑ ራቁቱን በቀረው ዕቃ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ገባው። ዳንቴል ያለበሱት አምፕሊፋየሩን ብቻ አልነበረም። እኚህን ሰው ይረፉ፣ አይነሱ፣ አይንኩ እያሉ በክብር ከድነው አንድ መተንፈሻ ቀዳዳ እንኳ አላስቀሩላቸውም። አፈረ፣ ደነገጠም። ትርንጎም ተረድታ ኖሮ ገብታ መርፌውን ይዛ መጣች።

አቶ ጓንጉል ክሩን በምራቃቸው አርጥበው ወደ መርፌው ዓይን ሰደዱት። ሳተ። ደግመው ሞከሩ፣ ሳተ። ልሳነወርቅ አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ሄደና ቆመ። ሁለት እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ ያዘ። አምፕሊፋየሩን ለማዳን ከለፋው ልፋት ሁሉ እዚያ ቆሞ አለመርዳት ባሰበት። ሽማግሌው ከንፈራቸውን ነክሰው ሞከሩ፣ ሳቱ፣ ክሩን በጥርሳቸው ቆርጠው እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ ክሩ ገባ።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" አሉ ቀና ብለው። "ዘፈኑን ክፈቱት እንጂ።"

ልሳነወርቅ ከፈተው። አቶ ጓንጉል ገበሩን ሲይዙ እግራቸው ወለሉን ይረግጥ ነበር። ያን ቀን እራታቸውን ማንም ሳይለምናቸው በሉ። አምፕሊፋየሩም ከዚያ ወዲህ ራቁቱን ተቀመጠ፤ አቧራው በሳምንት በሳምንት በጨርቅ ይጠረግለታል፣ አልቋል። ዳንቴሉን ትርንጎ ለጠረጴዛው አደረገችው።

ልሳነወርቅ አሮጌ መግዛት ለምዷልና ምናለሽ ተራ ተመልሶ ሄዶ የስፌት ማሽን አመጣ። በረንዳ ላይ ተዘረጋ። ጎረቤት ቀስ በቀስ ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ ማስቀየር ጀመረ። ያ ሲመርቅ የነበረ አፍ ሁሉ ግን ተገለበጠ። "አባቱን በዚህ ዕድሜያቸው ሥራ ያስገባል፣ ነውር አያውቅም" ተባለ። ልሳነወርቅ ይህን ሲሰማ አንጀቱ ይቃጠል ነበር፤ ማሽኑን ግን ከበረንዳው አላነሳም። አባቱን የማይወድ ልጅ መባልን እሳቸውን ከማጣት ቀለል አድርጎ ተሸከመው።

አቶ ጓንጉል ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖረው በእንቅልፋቸው አረፉ። ለቅሶው ላይ አንድ ሰው ከድንኳኑ ጥግ ሆኖ ሲቁነጠነጥ ቆየና ትርንጎን ጠጋ ብሎ "በዚህ ሰዓት አይጠየቅም ነበር፣ ይቅር በይኝ፤ እሳቸው ዘንድ ሱሪ ነበረኝ" አላት። ልሳነወርቅ ራሱ ሄዶ ከማሽኑ ላይ አነሳው። የሱሪው አንድ እግር አልቋል፣ ሌላው በስፒል ተይዟል። ልሳነወርቅ ሱሪውን ይዞ እያለቀሰ ሳቀ። አባቱ የሞቱት፣ ነገ የሚጠብቃቸው ሰው እያላቸው ነው።

ወዳጆቼ፣ የምንወደውን ሰው መንከባከብ ደግ ነው። ነገር ግን ከድካም ሁሉ የከለከልነውን ሰው ከመኖርም ከልክለነዋል። ሰው እንዳይሠራ በመከልከል አይከበርም፤ ሥራው ሲፈለግ ነው የሚከበረው። እሱ ክሩን ሲስት እጅን ወደ ኋላ አድርጎ መቆም ከማጉረስ ይከብዳል፣ ያም ፍቅር ነው። እስቲ ዛሬ ቤታችሁን ዞር ብላችሁ እዩ። ይረፉ ተብለው ወንበር ላይ የተከደኑ እናት ወይም አባት አሉ? ዛሬ ምን ሥራ ትጠይቋቸዋላችሁ?