ከላይ መቀመጥ የፈለገችው ማጣሪያ

«እማ፣ ቀዳዳ ሁሉ ያው ቀዳዳ አይደለም እንዴ?» ብሎ ጠየቃት ድንቁ አንድ ቀን፣ እናቱ እመት ጉሬዛ ዱቄት ስትነፋ ወንፊቱን ይዞላት ሳለ። እሷም ሥራ ይዟት ነበርና፣ «አጥብቀህ ያዝ፣ የኔ ጌታ፤ ሌላ ቀን እነግርሃለሁ» አለችው።

እንግዲህ እናንተ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔ ተረት ልስጣችሁ። ይህ የሆነው ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት በድሮው ዘመን ነው። እመት ጉሬዛ ነጭ ካባዋን ደርባ፣ ጎህ ሲቀድ እጇን ወደ ሰማይ የምትዘረጋ፣ ቃሏ ጥቂት የሆነ እናት ነበረች። ያላትም ልጅ ድንቁ ብቻ ነበር።

ያ ድንቁ ታመመ። ሆዱን ቆረጠው፣ ገላው እንደ ምድጃ ጋለ። መድኃኒቱ ረግረግ ውስጥ የሚበቅል ቅጠል ነበር። ጭማቂው ግን ጭቃ አለበት፤ በጭቃው ውስጥ ደግሞ ስውሮች የሚባሉ፣ ዓይን የማያያቸው ተባዮች አሉበት። እንዳታፈላው፣ እሳት የቅጠሉን ኃይል ይገድለዋል። እሷም የተገኘውን ቅጠል ሁሉ ለቅማ ጨመቀችና በቅል ይዛ ወደ አባ ዝግታ ሄደች።

አባ ዝግታ የጫካውን መድኃኒት የሚያጣራ ሽማግሌ ኤሊ ነበር። በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሱ ሦስት ክብ ማጣሪያዎች ተቀምጠዋል። ስማቸውም ለጋስ፣ ኩሩና ቁጥቢት ነበር።

ለጋስ ቀድሞ ዘሎ ወረደ። «እኔን ውሰጂኝ! ቀዳዳዬ ሰፊ ነው፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ እጨርስልሻለሁ!»

አፈሰሰችበት። የጭማቂው ገሚስ ሿ ብሎ ወረደ፤ ጭቃው ከላይ ቀረ። ደስ አላት። አባ ዝግታ ግን ጆሮውን ወደ ጭማቂው ቢያስጠጋ ስውሮቹ ይንጫጫሉ።

«አለፍን! ይሄ በር እኮ ለዝሆንም ይበቃል!»

«ይሄ አይጠጣም፣ ልጄ» አላት። ደፋችው።

ኩሩ ተንጠራራ። «ከተራ ጋር ምን አዋለሽ? እኔን አሲድ አይበላኝ፣ አረቄ አይፈታኝ!»

አፈሰሰችበት። ጭማቂው በኮባ ቅጠል ላይ እንዳረፈ ዝናብ ድቡልቡል ብሎ ቆመ እንጂ ጠብ አላለም። ተንከባሎም መሬት ፈሰሰ።

«ምነው?» አለችው ደንግጣ።

«ውሃ አልወድም፤ ጭማቂሽ ደግሞ ውሃ ነው።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ምን አስፎከረህ?»

«መጠየቅ የአንቺ ፋንታ ነበር!»

እውነቱን ነው አለች በልቧ። በቅሉ የቀረው ጥቂት ነበር። ስለዚህ ቁጥቢትን ሳታፈስስባት ጠየቀቻት።

«ውሃ ትወጃለሽ?»

«እወዳለሁ።»

«ስውሮቹን ታስቀሪያለሽ?»

«ቀዳዳዬ ከነሱ ይጠባል፤ አንድም አያልፈኝ።»

«ጭቃውንስ?»

«ጭቃ የለጋስ ነው። ግን እሱ ከሥሬ ይሁን! በሰርግም በለቅሶም የተከበረ ከላይ ነው የሚቀመጠው።»

እመት ጉሬዛ ክብር አዋቂ ነበረችና ቁጥቢትን ከላይ፣ ለጋስን ከታች አድርጋ አንድ ጉንጭ አፈሰሰች። ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ አለ። ከዚያ ዝም።

«አነቀኝ! ጭቃው አነቀኝ!» ጮኸች ቁጥቢት።

ኩሩ ከመደርደሪያው ሳቀ። «በቃ፣ ሴትዮ፣ ወደ ቤትሽ ግቢ።»

«ልጄን ሳላድን ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለች እመት ጉሬዛ። ቁጥቢትን ገልብጣ አጠበቻት። እያጠበቻትም የልጇ ጥያቄ ትዝ አላት፤ ቀዳዳ ሁሉ ያው ቀዳዳ አይደለም እንዴ? አይደለም፣ የኔ ልጅ፣ አይደለም።

«ስሚኝ እመቤቴ» አለቻት ቁጥቢትን። «በቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌቱ ብዙ ሰው ይገባበታል፤ መቅደሱ ግን የጥቂቶች ነው። ታዲያ የመቅደስ ደጅ ውስጥ በመሆኑ ተዋረደ? አንቺም የመጨረሻዋ ደጅ ነሽ። ካንቺ በኋላ የልጄ አፍ ብቻ ነው ያለው።»

ቁጥቢት በቀስታ፣ «ከታች አድርጊኝ» አለች።

ለጋስ ከላይ፣ ቁጥቢት ከታች ሆኑ። የቀረው ሁሉ ፈሰሰ። ለጋስ ጭቃውን ያዘ፤ ስውሮቹ እየዘፈኑ እሱን አልፈው ቁጥቢት ላይ ሲደርሱ፣ «ኧረ በሩ ጠበበ!» ብለው ተንጫጩ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። እናት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጠበቀች። አባ ዝግታ ጆሮውን አስጠጋ፤ ጸጥ ያለ ነበር።

«አሁን ውሰጂለት» አላት።

ድንቁ ጠጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አላበው፤ ትኩሳቱም ለቀቀው።

ሁሉን የሚያሳልፍም፣ ምንም የማያሳልፍም በር አይባልም፤ በርን በር የሚያሰኘው ማንን እንደሚያስገባ ማወቁ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት እመት ጉሬዛ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ምስጋናዋን አደረሰች። ከዚያ ሁለት ወንፊት አወጣችና ሰፊውን በጠባቡ ላይ ደርባ፣ ለድንቁ አስያዘችው፤ «አጥብቀህ ያዝ፣ የኔ ጌታ፤ ያንን ጥያቄህን አሁን ልመልስልህ» ብላም ዱቄቱን አፈሰሰችበት።