የፊታውራሪ ወሰንየለህ ድንጋይ

አንዲት ሴትዮ ከአስፋልት ዳር፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ፣ ሠላሳ ዓመት በርበሬና ጨው ስትቸረችር ኖራለች። አንድ ቀን የከተማው ከንቲባ አቶ ልዑልሰገድ መጣና «እማማ፣ ጉሊትሽን አንሺ፤ እዚህ የታሪክ ድንጋይ ይተከላል» አላት። ድንጋዩ ላይ «ፊታውራሪ ወሰንየለህ ይህችን ከተማ ሲቆረቁሩ መጀመሪያ የረገጡት መሬት» ተብሎ ተቀርጿል። ፊታውራሪው የከንቲባው አያት ናቸው።

ሌላ መቀመጫ የለኝም ብትለው አልሰማትም። ይባስ ብሎ በምርቃቱ ቀን፣ እንግዳው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ አፏን ሊያዘጋት ከፊት አቆማት።

«የእማማ አባት የአያቴ አሽከር ነበሩ» አለ። «እስቲ ይመስክሩ፤ ያን ቀን አባትዎ ከፊታውራሪ ጋር ወንዙን ተሻግረው እዚህ አልደረሱም?»

ሴትዮዋ በሰው ፊት አንቱ መባሏን ታዝባ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ደርሷል እንጂ ልጄ» አለች። «ወንዙ ሞልቶ ስለነበር አባቴ ቢሻው ፊታውራሪን አዝሎ ነው ያሻገራቸው። እዚህ ሲደርስ ሊያወርዳቸው ቢል፣ ጭቃ ነው ብለው እንቢ አሉ። እንዳዘላቸው ሄዶ፣ ዛሬ ማዘጋጃ ቤትህ ያለበት ደረቅ መሬት ላይ አወረዳቸው። እሳቸው የረገጡት ያንተን ግቢ ነውና ድንጋዩን እዚያው ውሰደው። የለም፣ እዚሁ ካልተከልኩ ካልክ ደግሞ ጽሑፉን አስተካክለው፤ ‹ቢሻው ከነሸክሙ መጀመሪያ የረገጠው መሬት› በለው።»