ብቻህን ንፋ!

አንድ ንጉሥ ሦስት እምቢልታ ነፊዎች ነበሩት። እምቢልታ እንደ ዋሽንት የጣት ቀዳዳ የለውም፤ ከአንዱ የሚወጣው ድምፅ ቢበዛ ሁለት ቢሆን ነው። ስለዚህ ሦስቱ እየተቀባበሉ ይነፋሉ። አንዱ ሲነፋ ሌላው ዝም ይላል፤ ዜማው የሚሞላው እንዲህ ነው።

አንድ ቀን አንድ ነገረኛ አማካሪ፣ «ጃንሆይ፣ ለአንድ ዜማ ሦስት ሰው ምን ያደርጋል? ብቻውን መንፋት የሚችለው አንዱ ይበቃል። የሁለቱ ማደሪያ መሬት ይነጠቅ» አላቸው። ንጉሡም እሺ አሉ። ወይ ጉድ! የሁለት ቤተሰብ እንጀራ በአንዲት እሺታ ሊሄድ!

በማግስቱ ሦስቱ ተጠርተው እያንዳንዳቸው «ብቻህን ንፋ» ተባሉ። ጎበዜ የጓደኞቹንም ድርሻ ልሙላ ብሎ ያለ ፋታ ነፋ፤ ትንፋሽ አጥሮት ተንበረከከ። ደርቤም እንዲሁ አደረገ፤ አህያ ያናፋች እንጂ ዜማ የተሰማ አልመሰለም።

የቀረው የስድስት ልጆች አባት ጥሩነህ ነው። አማካሪው ጠጋ ብሎ፣ «እነሱ ወድቀዋል። ከእነሱ ትንሽ ተሽለህ ከተገኘህ መሬቱ ያንተ ነው» አለው።

ጥሩነህ አንዴ ነፋ። ዝም አለ። የጓደኞቹን ተራ በልቡ ቆጥሮ ደግሞ አንዴ ነፋ። ዝም አለ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እሱ ግን ንቅንቅ ሳይል እስከ መጨረሻው እንዲያ ነፋ።

«ትቀልድብኛለህ?» አሉ ንጉሡ ተቆጥተው።

«ኧረ ምን ቆርጦኝ፣ ጃንሆይ! ብቻህን ንፋ ተባልኩ፣ ድርሻዬን ነፋሁ። ዝም ያልኩበት የጎበዜና የደርቤ ቦታ ነው። መሬቴን ይውሰዱት፤ በእነሱ ቦታ ግን አልነፋም።»

ንጉሡ ጥቂት አሰቡና «እስቲ ድገመው» አሉ።

ደገመው። ዝም ሲል፣ ጥግ ላይ አንገታቸውን ደፍተው የቆሙት ሁለቱ ማንም ሳያዛቸው ገቡበት። ዜማው ሞላ። አማካሪው ሊከለክላቸው አፉን ሲከፍት ንጉሡ፣ «አንተ ዝም በል! ዝም ማለትን እንኳ ከዚህ ሰው ተማር» አሉት። የሦስቱም መሬት ጸና።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን «ብቻዬን ቻልኩ» የምንለው የሌላውን ቦታ ቀምተን ነው። ብቻን መቆም ማለት ግን ሰው ሁሉ ቢስቅ እንኳ የራስን ድርሻ ሳያዛቡ መወጣት፣ የሌላውንም ቦታ ሳይነኩ መጠበቅ ነው። እናንተስ ብቻችሁን ስትቆሙ የማንን ቦታ ትጠብቃላችሁ?