መጮኽ ያፈረችው ተሳቢ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ትሉኝ ይሆናል፤ የዛሬው ግን የመኪና በረት ነው። ላሟም በሬውም ባለ ጎማ ናቸው።

ድሮ፣ ብረት አፍ በነበረው ዘመን፣ ጉም ከማይለየው ደጋ አገር አንድ ጎታችና አንዲት ተሳቢ ይኖሩ ነበር። እንደ ባልና ሚስት በሏቸው፤ ፊት ፊት እሱ፣ ኋላ ኋላ እሷ። ሹፌራቸው ጋሽ ይርዳው ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዓይኑ ግን ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያየው። ለጎታቹ ዘይት ይቀይርለታል፣ ግንባሩን ይወለውልለታል፣ መስታወቱ ላይ ቀይ ጨሌ ያንጠለጥልለታል። ለተሳቢዋስ? ለተሳቢዋማ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ ያደርግና፣ «አንቺ ምን ሞተር አለሽና ይታመማል» ብሎ ያልፋታል።

እሷም ይሉኝታ የገደላት ነበረች። ቢርባት ጠገብኩ፣ ቢያማት ደህና ነኝ ባይ። እንዲህ ያለች ሴት በየሰፈሩ አትጠፋም፤ ታውቋታላችሁ።

ክረምት ገባ። ዝናቡ ጋራውን ናደውና ወደ ቆላ የሚያወርደው መንገድ ተዘጋ። መኪናው ሁሉ ግቢ ገብቶ ቆመ። ጎታቹ ቆርቆሮ ሥር ገባ፤ ተሳቢዋ ከኋላው እንደተቀጠለች ጭቃው ላይ ቀረች።

መጀመሪያ አያ ዝገት መጣ፤ ቡኒ ካባውን ተከናንቦ፣ እየተንቀጠቀጠ።

«እንደምን ዋልሽ እመቤቴ። ዝናቡ በረታብኝ፤ እፍሬንሽ ጥግ ልጠለል?»

ተሳቢዋ ግራሶ ከተቀባች ቆይታለች፤ መገጣጠሚያዋ ሁሉ ደርቋል። ዝገት ከገባ እንደማይወጣም ታውቃለች። ግን እንግዳ በዝናብ ይመለሳል? ሰው ምን ይላል? «ቤት ለእንግዳ፤ ይግቡ» አለችው። ገባ። ወዲያው ካባውን አውልቆ አነጠፈ።

ቀጥላ እመት አይጢት መጣች፤ ሆዷ ተገፍቶ።

«ልወልድ ነው እህቴ። ከኋላ መብራትሽ ዘንድ ማረፊያ ብትሰጪኝ?»

«ቤት ለእንግዳ፤ ግቢ።» ገባች። ወለደችም። ከነልጆቿ ደግሞ ማን ያስወጣታል? የሽቦውን ልባስ እየላጠች አራስ ቤት አደረገችው።

ሦስተኛዋ እማሆይ ውሃ ናት። እሷ እንኳ በደጅ አልመጣችም። ጎታቹ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ሲያሞቅ፣ በቱቦ ወደ ተሳቢዋ በርሜል አየር ይነፋል፤ ፍሬኗን የሚያስይዘው ያ አየር ነው። እማሆይ ውሃ በዚያ እስትንፋስ ውስጥ ተሸሽጋ ገባችና ከበርሜሉ ሥር ጠብ አለች።

«ልጄ፣ እኔ አልበላ፣ አልጠጣ። ለጸሎት የምትሆን ጥግ ትበቃኛለች።»

«ቤት ለእንግዳ፤ ይግቡ እማሆይ።»

ጠብታ ምን ቦታ ይይዛል ትላላችሁ። እማሆይ ግን ዘመድ ነበራት። በየጠዋቱ አንዷን እህት፣ አንዷን አክስት እያስከተለች በርሜሉን ገዳም አደረገችው።

በዚያ ግቢ እመት ዶሮ የምትባል፣ ያላየችው የማይደረግ ጎረቤት ነበረች። እየጫረች መጣችና አንገቷን ሰገግ አደረገች።

«አንቺ፣ እንግዳ አበዛች ይሉሻል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«እኔ ነኛ። ዝገቱ ጉልበትሽን፣ አይጧ ዓይንሽን፣ መነኩሲቷ ትንፋሽሽን ይዘውብሻል። ሰውየው ሲመጣ ሲጥ በዪ፤ ጎንበስ ብሎ ይይሽ።»

«ኧረ ነውር ነው። ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«ጎረቤቷ እኔ ነኝ። ብትጮኺም አወራብሻለሁ፣ ባትጮኺም አወራብሻለሁ። ጮኸሽ ባወራ አይሻልሽም?»

ከውስጥ ግን ሦስቱ እንግዶች ሰምተው ኖሮ ተቀባበሉ። «አንቺን የመሰለች ጨዋ ትጮኻለች?» አለ ዝገት። «ልጆቼን ታስደነግጫለሽ» አለች አይጥ። «ዝምታ ጽድቅ ነው» አለች ውሃ። ተሳቢዋም ዝም አለች።

ዝናቡ ጋብ አለና መንገዱ ተጠረገ። ጋሽ ይርዳው የባቄላ ጆንያ እስከ አፏ ጫነባትና ጉዞ ሆነ። የዚያ አገር ቁልቁለት የዋዛ እንዳይመስላችሁ፤ ባንድ ወገን ገደል፣ ባንድ ወገን ድንጋይ፣ መሐሉ ጉም ነው። የጫነች ተሳቢ ቁልቁለት ላይ ካልያዘች፣ ጎታቹን ከነሹፌሩ ገፍታ ገደል ትከታለች። ይህን ሹፌር ሁሉ ያውቃል፤ ተሳቢም ታውቃለች።

ቁልቁለቱ አፍ ላይ ካለችው ሜዳ ሊደርሱ ሲሉ ጋሽ ይርዳው ፍሬን ረገጠ። ጎታቹ ያዘ። ተሳቢዋ ዘግይታ፣ እየተጎተተች ያዘች።

«አያ ዝገት፣ ይውረዱልኝ» አለች።

«የት ልውረድ? አሁንማ ሥጋና አጥንት ሆነናል።»

«እመት አይጢት፣ ውረጂልኝ።»

«ከነአራስ ልጆቼ? ሰው ምን ይልሻል?»

«እማሆይ፣ እርስዎስ?»

«ጸሎቴን መች ጨረስኩ ልጄ።»

ቢቸግራት ጎታቹን ጠራችው። «አንተ፣ እንግዶች ይዤአለሁ። ቁልቁለቱ ላይ የምይዝህ አይመስለኝም።»

«እኔ ሳላውቅ ማንን አስገባሽ?»

«አንዷንማ የላክሃት አንተ ነህ። በትንፋሽህ ውስጥ ሆና ነው የመጣችው።»

ጎታቹ በመስታወቱ ኋላውን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኋላችን ሰው ተሰልፏል፤ እንደ ምንም እንውረድና ታች እንነጋገራለን። አታዋርጂኝ» አላት።

ተሳቢዋ ገደሉን አየች። ጋሽ ይርዳው በመስኮት ክንዱን አውጥቶ ያንጎራጉራል፤ ምንም አያውቅም። ይህን ሰው አንድም ቀን ተቀይማው አታውቅም። ውርደቱ ይምጣ፣ ሰውየው ይትረፍ አለችና፣ እሱ ፍሬን ሲነካ ክረምቱን ሙሉ አፍና የያዘችውን ለቀቀችው፤ ሲጥጥጥ። ጋራው መልሶ ጮኸ። ከተሰለፈው መኪና ያልዞረ አልነበረም።

ከኋላ ጋሽ ሸምሱ የሚባለው ሹፌር በመስኮት ብቅ አለ። «ይርዳው፣ ተሳቢህ ሙሾ አወረደች እኮ። የኋላ መብራትም የላት፤ በጉሙ ውስጥ ልገባብህ ነበር።»

«ብረት አይደል፣ ይጮኻል» አለ ጋሽ ይርዳው። «ሞተር የላት፣ ምን ያማታል?»

«ሚስትህስ ሞተር አላት? ወገቤን ስትልህ ሐኪም ቤት ትወስዳት የለም? ውረድና እያት ይልቅ።»

ጋሽ ይርዳው እየተነጫነጨ ሜዳዋ ላይ አቆመና ወረደ። ጎንበስ ብሎ ሥሯን ካየ ቆይቶ ነበር። በርሜሉ ሆድ ላይ ያለችውን ትንሽ የማፍሰሻ ቀለበት ሳብ ቢያደርጋት፣ ሻይ የመሰለ ውሃ ፏ ብሎ ጫማውን አጥለቀለቀው።

«ጸሎቴን ጨረስኩ» ብላ እማሆይ ከነገዳሟ በቦዩ ወረደች።

ጋሽ ይርዳው በእጁ የውሃውን መንገድ እየተከተለ፣ «ይህን ሁሉ ተሸክመሽ ነበር?» አላት።

መብራቱን ቢፈታ እመት አይጢት ከነልጆቿ ተገኘች። ሸምሱ ልጆቿን በኮፍያው አፍሶ ቁጥቋጦ ሥር አኖረላት፤ ሽቦውንም ቀጥለው በሚያጣብቅ ናስትሮ ጠቀለሉት። አያ ዝገት ግን አስቸገረ። በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉት፣ ግራሶ ቀቡበት፣ ፍሬኑን አስይዘው አስለቀቁት። አንድ ጊዜ፣ እምቢ። ሁለት ጊዜ፣ ተንቀራፈፈ። በሦስተኛው ቀጥ አድርጋ ያዘች። ዝገቱም ጨርሶ አልጠፋም፤ ከጠርዟ ላይ ጥቂት ቀርቶ ያጉረመርማል። ለእሱ ብሩሹ አለለት።

የተሰለፉት ሹፌሮች ይሳደባሉ ብላ ተሳቢዋ ስትሳቀቅ፣ እነሱም አንድ በአንድ እየወረዱ የየራሳቸውን ተሳቢ ቀለበት ይስቡ ጀመር። ሜዳዋ በውሃ ጨቀየች።

ከዚያ ወረዱ። ጉሙ ዋጣቸው። በጠባቡ መታጠፊያ ላይ ጭነቱ ወደ ፊት ሲገፋ፣ ተሳቢዋ እግሯን ተከለች።

«ያዝሽኝ?» አለ ጎታቹ።

«ያዝኩህ።»

ታች ፀሐይ ነበረ። ባቄላው ከነጆንያው ደረሰ፤ ሰውየውም ከነዘፈኑ ገባ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ይርዳው ሲነሣ ከኋላ ይጀምራል። ቀለበቷን ይስባል፣ መብራቷን ያያል፣ ግራሶዋን ይቀባል፤ «ምን ያማታል» ማለቱን ትቶ «ምን አመመሽ» ይላል። እመት ዶሮም እንደ ዛተችው ወሬውን ለግቢው ሁሉ አዳረሰች፤ የሰሙት ተሳቢዎች ግን በሳቅ ፈንታ ሲጥ ሲጥ ማለት ለመዱ።

ይሉኝታ ፍሬን አይሆንም፤ የታመመ ይጩህ፣ የሰማም ወርዶ ይይ።

ተረቴ እዚህ ቆመች፤ እንዳትንሸራተት ታኮ አድርጉላት።