ነኝ ባዮቹና የሙሉጎጃም ስም

ነገር ነገርን ይጎትታል፤ እናንተ ጆሮ ስጡኝ እንጂ እኔ አልደክምም።

ነርስ ሙሉጎጃም የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ስሟ ያለበት የምደባ ደብዳቤ። የጎሬ አውቶቡስ ደጅ ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል። ዛሬ ካልሄደች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

የጤና ቢሮው ባለ ሁለት ዲግሪ ፕሮግራመር አጥናፉ ሩቢ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሠራውን ፕሮግራም «አትም» ብሎ አዘዘ። ፕሪንተሩ፣ «እውነተኛ ጽሑፍ ካልመጣ አላትምም» አለ።

በፕሮግራሙ ውስጥ እውነተኛው ጽሑፍ ስሙ ነው፤ ስም ግን ብቻውን አይቀመጥም፤ ወኪል በወኪል ላይ ይደረብበታል። ፊት የቆመው ወኪል መዝጋቢው ነው፤ የመጣ የሄደውን ይጽፋል። አጥናፉ «ጽሑፍ ነህ?» አለው። መዝጋቢው ጥያቄውን ወደ ኋላ አቀበለ፣ መልሱን ተቀበለ፣ «ነኝ!» አለ። ወኪል መቼም በሰው ማንነት ነኝ ማለት አይከብደውም። ፕሪንተሩ ግን አላትምም አለ።

መዝጋቢውን ገለጥ ቢያደርገው ከኋላው ዘበኛው፣ ፈቃድ ጠያቂው። «ጽሑፍ ነህ?» «ነኝ!» መዝጋቢው የዘበኛውን ቃል ደገመ፣ ፕሪንተሩ አላትምም አለ።

ዘበኛውን ገለጥ ቢያደርገው ከኋላው ሰነፉ፣ ካልቀሰቀሱት ስም የማያመጣው። «ጽሑፍ ነህ?» «ነኝ!» ሰነፉ የስሙን ቃል ደገመ፣ ዘበኛው የሰነፉን ቃል ደገመ፣ መዝጋቢው የዘበኛውን ቃል ደገመ፣ ፕሪንተሩ አላትምም አለ፣ አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ።

«ወንድሜ፣ ጥሎኝ ሊሄድ ነው!» አለች ሙሉጎጃም።

«ሁሉም ነኝ ይላል! የቱን ልመን?» አለ አጥናፉ።

አጠገቡ የምትሠራው ትብለጥ ሳቀች። ዲግሪ የላትም፤ ሩቢን የተማረችው ብቻዋን ነው።

«ጋሼ አጥናፉ፣ ነኝ ባይን ማን ነህ ብለው ይጠይቃሉ እንዴ? ጽሑፎች ሁሉ የሚወለዱበትን ክፍል፣ ‹ክላስ› የሚሉትን፣ ይጠይቁት እንጂ፤ ‹ይሄ ያንተ ልጅ ነው?› ይበሉት። ክፍሉ ወሬ አይሰማም፤ ትውልዱን ነው የሚያየው።»

ክፍሉን የምትጠይቅ፣ ሦስት የእኩል ምልክት ያለባት አንዲት መስመር ጻፈች። ምን ያለች መስመር!

ክፍሉ መዝጋቢውን አየ፤ «የኔ አይደለም።» ዘበኛውን አየ፤ «የኔ አይደለም።» ሰነፉን አየ፤ «የኔ አይደለም።» ስሙን አየ፤ «ይሄስ የኔ ነው!»

ያኔ ሰነፉ ስሙን አወጣ፣ ዘበኛው ስሙን አሳለፈ፣ መዝጋቢው ማለፉን ጻፈ፣ ፕሪንተሩ ደብዳቤውን አተመ፣ ሙሉጎጃም ደብዳቤውን ነጥቃ ሮጠች፣ አውቶቡሱም ይዟት ሄደ።

አጥናፉ ከመስመሯ ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው።

«አራት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠሽ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«መቼ ጠየቁኝ፣ ጋሼ?» አለችው።